«ገጠር» የሚለው ፎልደር

ወንድሜ ሰውን የሚያነበው በልብሱ ነበር። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ጋሪዎች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ኮምፒውተር የያዘች ጠባብ ሙዚቃ ቤት አለችው። ቅዳሜ ገበያ ነው። ከየገጠሩ የመጣ ሰው ያመጣውን ከሸጠ በኋላ ስልኩን ይዞ ወደ እኛ ይመጣና ሚሞሪው ላይ ሙዚቃና ቪዲዮ አስጭኖ ይመለሳል። ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ ሳምንቱን ሙሉ የሚሰማው ከዚህች ጠረጴዛ የሄደ ነው።

ወንድሜ ደንበኛውን ቀና ብሎ አንዴ ያየዋል። ጋቢ ለብሶ ዱላ ከያዘ «ገጠር» የሚለው ፎልደር ይጫንለታል፤ ቀረርቶ፣ ፉከራ፣ እስክስታ። ቆብ ካደረገ መንዙማ። ነጠላ የለበሰች እናት ከሆነች መዝሙር። ፀጉሩን ጎንና ጎኑን የተላጨ ጎረምሳ ከሆነ «ከተማ»። ኮፒ፣ ፔስት፣ ቀጣይ። አሠራሩን የተማረው ቡሬ ላይ ሙዚቃ ቤት ካለው ጓደኛው ነው፤ በገበያ ቀን ሰልፍ እንዳይቆም ያደርጋል። ማንም «ምን ልጫንልህ?» ተብሎ አይጠየቅም ነበር።

እኔም አልተጠየቅሁም። ለትምህርት ባሕር ዳር ስሄድ ወንድሜ ሚሞሪዬን ሞልቶ ሰጠኝ። ዶርም ገብቼ ብከፍተው «ሴት» ይላል። የሠርግ ዘፈን፣ ተከታታይ ድራማ፣ የፀጉር አሠራር ቪዲዮ። ክፉ አስቦ አልነበረም፤ ለሌሎቹ ሴቶች የሚጭነውን ነው ለእኔም የጫነው። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን የማላወጣ ልጅ ስለሆንሁ ለእሱም ምንም አላልኩትም። ቅዳሜና እሑድ የዶርም ጓደኞቼ ከተማ ሲወጡ ግን አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የራሴን መፈለግ ጀመርሁ። ድምፃዊ የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ አገኘሁ። መኪና የሚነዳበት ጌም አገኘሁ። መንገድ ለመሻገር የመጨረሻው ጋሪ እስኪያልፍ ቆሜ የምጠብቀው እኔ፣ እዚያ ውስጥ ፍሬን የሚባል ነገር አልነካም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው መሆኔን ከዚያ በፊት አላውቅም። ከ«ሴት» ፎልደር ውስጥም ፈልጌ አላገኘውም ነበር።

ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሜን ማገዝ ያዝሁ። እናቴ አልወደደችውም። «ሴት ልጅ ሙዚቃ ቤት ተቀምጣ ሰው ምን ይላል?» ስትል ወንድሜ «ጀርባዋን ለመንገድ ሰጥታ ነው የምትቀመጥ፤ ማን ያያታል?» ብሎ አሳመናት። እውነቱን ነው። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ስልክ ይቀበላል፣ የፎልደሩን ስም ይጠራል፣ እኔ ሳልዞር እጭናለሁ። ወንበሯን እወዳት ነበር። ከቤት ውጭ የራሴ የምላት ቦታ እሷ ብቻ ነበረች።

«ገጠር!» አለ አንድ ቅዳሜ፣ በመሐረብ የተጠቀለለች ስልክ በትከሻዬ በኩል እያቀበለኝ።

«አይሆንም» አለ ከኋላዬ የሴት ድምፅ። «እሱማ አለኝ።»

ዞርሁ። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ከገበዝ ማርያም በኩል ድንች ይዛ መጥታ፣ ባዶውን ጆንያ አጣጥፋ ብብቷ ሥር ይዛለች።

«ምኑ ነው ያለሽ?» አለ ወንድሜ።

«ያ የሚያቅራራው ነዋ። ባለፈውም እሱኑ ነው የጫንህልኝ። ባሌ ይሰማዋል፣ በሬዎቹም ይሰሙታል። እኔ ሌላ ነው የምፈልግ።»

ሰልፉ ሳቀ።

«ሌላ ማለት? ዘፋኙ ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ከአዴት ስመለስ መኪና ላይ ነው የሰማሁት። ሹፌሩ ወዲያው አጠፋው።»

«እንግዲያ ሹፌሩን ፈልጊዋ፣ እታለም!» አለ ከሰልፉ አንድ ጎረምሳ።

«ገጠር ጫኝላትና ትለፍ» አለኝ ወንድሜ።

እጄ ማውሱ ላይ ነበር። እሷ ግን አላቀረቀረችም፤ ልክ ድንቿን በረከሰ ዋጋ እንደጠየቋት ሁሉ ትኩር ብላ ታየኛለች። የራሴን ማዳመጫ ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋት።

«ስሚው። ካልወደድሽው እጅሽን አወዛውዥ፣ እቀይርልሻለሁ።»

ከወንበሬ ጎን ካለው የቢራ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ማዳመጫ ያደረገ ሰው መጮኹን አያውቅም። «ይኼ ያለቅሳል!» ትላለች መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ። «ይኼ ደግሞ ሴት የሚለማመጥ ነው፤ ቀይሪው!» ሰልፉ በሳቅ ይፈርሳል፣ መልሶ ይቆማል፣ ያጉረመርማል።

«እታለም፣ ጀንበር እኮ ጠለቀች!» ይላል ጎረምሳው።

«እኅቴን አስተምሬ፣ ሰልፍ ማቆም ተምራ መጣችልኝ» ይላል ወንድሜ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ።

አፍሬ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አልሁ። ቢሆንም ቀየርሁላት፣ ደግሜ ቀየርሁላት። በመጨረሻ ከራሴ ሚሞሪ ያንን ድምፃዊ የሌለበትን ከፈትሁ። እጇ ለመወዛወዝ ተነሥቶ ነበር፤ አየር ላይ ቀረ።

«እሱ ነው?» አልኳት።

«አይደለም» አለች። «ቢሆንም ይኼን ጫኝልኝ።»

«የሚዘፍን የለበትም እኮ!» አለ ወንድሜ።

ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዋ ገለጥ አደረገችው። «ለዚያ እኮ ነው። ቤት ስገባ ሁሉም ያወራኛል። አማቴ ታወራኛለች፣ ባሌ ያወራኛል፣ ልጆቹ ያወሩኛል። ይኼ ምንም አይለኝም።»

በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም። ከኋላ አንዲት ሴት «እውነቷን ነው» አለች። መኪና የሚነዳበትን ጌም ሳሳያት ወዲያው «ገደል ገባሁ!» ብላ ጮኸች፤ እሱንም ጫንሁላት። ስትሄድ ዞር ብላ «ያ የሚያቅራራው እንዳይጠፋ አደራ፣ ባሌ ይቆጣኛል» አለችኝ።

ገበያው ከተበተነ በኋላ ወንድሜ ነገሩን ቁርጥ አደረገው። «ሰልፉ በሳቅ ሲፈርስ ሰው የሄደው ወደ ሌላ ሙዚቃ ቤት ነው። ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ ወይ የምጠራልሽን ፎልደር ትጭኛለሽ፣ ወይ ከወንበሩ ትነሻለሽ።»

ምንም አልመለስሁም። ዓይን አፋር ሰው ዝም ሲል እሺ እንዳለ ይቆጠርለታል። እኔ ግን እሺ አላልኩም ነበር።

ዓርብ ከሰዓት፣ ወንድሜ ቡሬ አዲስ ነገር ሊቀዳ በሄደበት፣ ኮምፒውተሩን ከፈትሁ። አንድም ዘፈን አላጠፋሁም፤ እንዲያውም እንዳይጠፋ በሌላ ዲስክ ላይ ቀድቼ አስቀመጥሁት። ከዚያ ከ«ገጠር»፣ ከ«ከተማ»፣ ከ«ሴት»፣ ከሁሉም ውስጥ ያለውን አውጥቼ አንድ ላይ ደባለቅሁት። ቀረርቶው ከሠርጉ ዘፈን፣ መንዙማው ከመዝሙሩ፣ ጌሙ ከድራማው ጎን ተኛ። ባዶ የቀሩትን ፎልደሮች አጠፋኋቸው።

ቅዳሜ መጀመሪያ የመጡት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ነበሩ።

«ገጠር!» አለ ወንድሜ።

«የለም» አልኩ።

«ምኑ ነው የሌለው?»

«ፎልደሩ። ዘፈኑ ሁሉ አለ። መጠየቅ ብቻ ነው ያለብን።»

ወንድሜ ኮምፒውተሩን አየው፤ ከዚያ እኔን። በሽማግሌ ፊት መጮኽ አልቻለም። እኔም ወንበሬን አዙሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን ለመንገዱ ሰጠሁ። ያ ሁሉ ሰው ያየኛል።

«አባቴ፣ አንቱስ ምን ልጫንልዎ?»

«እኔ?» አሉ ዘወር ብለው ሌላ ሰው እንዳለ እያዩ። «ምን አውቄ ልጄ። ሁልጊዜ የምትጭኑትን ነው የምትጭኑት።» ዱላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ቆይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ባሕር አለ?» አሉኝ።

«ጣናን ነው?» አለ ወንድሜ።

«ጣናንማ አይቸዋለሁ። ማዶ የሌለውን።»

በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ባሕር አልነበረም። ያ ሁሉ ዓመት የሚፈልገው ሰው አለ ብሎ ያሰበ የለም። ወንድሜ በረጅሙ ተነፈሰና የራሱን ስልክ አውጥቶ ኢንተርኔት ላይ ይፈልግ ጀመር። ሲያገኘው ከሽማግሌው ጎን ቆሞ ያዘላቸው። ማዕበሉ ወደ እሳቸው ሲመጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ይኼ ውኃ የት ነው የሚሄድ?»

«ይመለሳል አባቴ።»

«ተመልሶ ምን ሊሠራ?»

ወንድሜ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አስጀመረላቸው። «ጫንልኝ» አሉት፤ ጫነላቸው።

ማታ መዝጊያ ላይ ግን ሽማግሌውንም ባሕሩንም አላነሣም። «ፎልደሮቹን መልሰሽ አስተካክይ» አለኝ።

«አላስተካክልም።»

ይህን ቃል ለእሱ ብዬው አላውቅም። ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ግን ወጣ።

«እንግዲያ ተነሽ።»

«አልነሣም፣ ጋሼ።»

በጉልበት አላነሣኝም። ተረድቶኝም አይደለም። በሳምንቱ መካከል ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ለቅሞ «ገጠር» የሚለውን መልሶ ሠራው። እኔም ቅዳሜ ጠዋት መልሼ በተንሁት። ይኸው እስከ ዛሬ እሱ ይሰበስባል፣ እኔ እበትናለሁ። እናቴ ሁለት እብድ ወለድሁ ትላለች። ሰልፋችን ዘገምተኛ ነው፤ አንዳንዱ ደንበኛ ትቶን ሄዷል፤ ይህን አልክድም። የቀሩት ግን መጥተው ዝም ብለው ስልክ መዘርጋት ትተዋል። አንዱ የብረት አበያየድ የሚያሳይ ቪዲዮ ይጠይቃል፤ አንዷ የሕንድ ጭፈራ፤ ጋቢ የለበሰ ሌላው ደግሞ ደረቱን ነፍቶ «ቀረርቶ!» ይላል። እሱ ከሆነ ምርጫው፣ በደስታ እጭንለታለሁ።

የገበዝ ማርያሟ ሴት ድንች ባላት ቅዳሜ ትመጣለች። ሳትጠይቅ ማዳመጫውን ከአንገቴ ታወልቅና ሣጥኑ ላይ ትቀመጣለች። መኪና ላይ የሰማችውን ዘፈን እስካሁን አላገኘንም።

«እታለም፣ ጀንበር!» ይላሉ ከሰልፉ።

እሷ አትሰማቸውም። እኔ እሰማለሁ፤ ፊቴን ለእነሱ እንደሰጠሁ ቀጣዩን እከፍትላታለሁ።