አጥቤ አውቃለሁ

በእኛ አገር ልብስ የሚያጥበው ወንድ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምጽፈው ያለዚህ ስለማይገባ ነው። በዓል ሲቃረብ አባቴ የቤቱን ልብስ ሰብስቦ ወንዝ ይወርዳል፤ እንዶዱን ወቅጦ አረፋ ያወጣል፤ ሸማውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘርግቶ በእግሩ ይረግጠዋል። እናቴና እኔ መፍተል እንጂ ማጠብ አናውቅም። ወንዝ የምንወርደው ውኃ ልንቀዳ ብቻ ነበር።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ይሁን በሦስተኛው አሁን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ክረምት እንደነበር ግን አውቃለሁ። አባቴ ዱር ቤቴ ብሎ ከወጣ ከርሟል። ለጣሊያን ያደሩ ወታደሮች፣ አስካሪዎች የምንላቸው፣ መጥተው ከአምበር በታች ያለውን መንደራችንን አቃጠሉት። እናቴና እኔ የለበስነውን ብቻ ይዘን ወጣንና ደብረ ማርቆስ ከእናቴ የአክስት ልጅ ቤት ገባን። ስለ ቃጠሎው ብዙ የምለው የለኝም። አልቅሰሽ ነበር ወይ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። አላለቀስኩም። መንገዱን ሁሉ የማስበው ስለ እናቴ ጉልበት ነበር። አብጦባት በየጥቂቱ እየተቀመጥን ነው የደረስነው።

ያስጠጋችን ዘመዳችን ባሏ ሞቶባት አራት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። እትዬ ነበር የምላት። ክፉ ሰው አልነበረችም። በገባን በሁለተኛው ሳምንት እናቴ ባለችበት እንዲህ አለችኝ፦

“ስሚኝ እቴ፣ ቅር እንዳይልሽ። ሥራ ካገኘሽ እናትሽም እዚሁ ከእኔ ጋር ትሆናለች፤ የተገኘውን አብረን እንበላለን። ካላገኘሽ ግን ፍልሰታ ሳይገባ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ሰባት አፍ እኔ በምን እሞላለሁ?”

እናቴ “እውነትሽን ነው” አለች።

ሌላ ቦታ እንደሌለን ሦስታችንም እናውቃለን። መንደሩ አመድ ነው፤ እናቴም ዳግመኛ ያን ያህል መንገድ መሄድ አትችልም።

ያን ጊዜ ሥራ ያለው ጣሊያኖቹ ዘንድ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩት ዳቦ መጋገሪያቸው ነው። በሩ ላይ የቆመው የአገራችን ሰው ነው፤ ሽርጡን ዱቄት ያለበሰው ወፍራም ሰውዬ።

“ከዚህ በፊት የት ሠርተሻል?” አለኝ።

“የትም አልሠራሁም።”

“እንግዲያው የትም ሂጂና ሠርተሽ ነይ።”

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። ቀልዱ ለእኔም ገብቶኛል፤ ሳቁ ብቻ አልመጣልኝም። በማግስቱ ወደ መኮንኖቹ ወጥ ቤት ሄድኩ፤ ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ። ሰው ሁሉ አስቀድሞ ሠርቶ ከሆነ የሚቀጠረው፣ የመጀመሪያውን ቀን የት ሄዶ ይሠራዋል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። የምጠይቀው ሰው ግን አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ከገበያ ርሳ ገባችና ነጠላዋን እየጨመቀች “ጦር ሰፈሩ ልብስ የምታጥብ ሴት ይፈልጋሉ አሉ” አለች።

“ሴት?” አለች እናቴ። “ለልብስ?”

“እነሱ ዘንድ የሴት ሥራ ነው።”

“ወንዱ ምን ይሠራል ታዲያ?”

“ወንዱማ ያቆሽሻል።”

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እትዬ ወደ እኔ ዞራ፣ “አጥበሽ ታውቂያለሽ ወይ ቢሉሽ አዎ በያቸው። ማን ያረጋግጣል?” አለች።

“አልዋሽም” አልኳት።

“እነሱን መዋሸትም ኃጢአት ሆኖ ነው?”

እናቴ ጥጥ እየባዘተች ነበር። ወንድሟ የቅኔ ተማሪ ስለነበረ ልጅነቷን ሁሉ እሱ ሲቀኝ እየሰማች ነው ያደገችው፤ ቃል መገልበጥ ትወዳለች። እጇን ሳታቆም፣

“አጥቤ አውቃለሁ በይ” አለችኝ።

“አጥቤ ሳላውቅ?”

“ቀስ ብለሽ ስሚው እንጂ ልጄ። አጥቤ፤ አውቃለሁ። ካጠብኩ በኋላ አውቀዋለሁ ማለት ነው። ይኸ ምኑ ውሸት ነው?”

“እናትሽ ቤቷ ተቃጥሎ እንኳ ወርቋን ይዛ ወጥታለች” አለችኝ እትዬ።

ሁለት ቀን አሰብኩበት። ቃሉ እውነት ነው። የሚሰማው ሰው ግን እውነቱን አይሰማም፤ ይህን አውቃለሁ። የሐምሌ ሥላሴ እስኪያልፍ ጠበቅሁ፤ በበዓል ቀን ሥራ ልለምን አልወጣም ብዬ ነው። በማግስቱ ጠዋት ስሄድ ምን እንደምመልስ አልወሰንኩም ነበር።

የአጣቢዎቹ ካቦ ሽበታም የሐማሴን ሰው ነው፤ አማርኛውን ቃል በቃል እየመረጠ ይናገራል። እጄን ገልብጦ አየና፣

“አጥበሽ ታውቂያለሽ?” አለኝ።

“አጥቤ አውቃለሁ።”

“ደግ” አለና አንድ ድብልብል ሳሙና ሰጠኝ።

ሥራ የተገኘው በዚህ ሁኔታ ነው። ደስታው ኋላ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ሳሙናውን ይዤ ወደተመራሁበት ሄድኩ።

ግቢው ውስጥ እሳት ላይ የተጣዱ በርሜሎች፣ ከዚያ አለፍ ብሎ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም ዳስ አለ፤ በዳሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገመድ ተወጥሯል። አሁን በምኖርበት በድሬዳዋ የሰጣሁት ልብስ ሌላውን ጨምቄ ሳልጨርስ ይደርቃል። ያኔ በደብረ ማርቆስ ሐምሌ አንድ አንሶላ ሦስት ቀን ይሰቀል ነበር፤ ሲወርድም ጭስ ጭስ ይላል። ከእኔ ሌላ አራት ሴቶች ነበሩ። የእነሱን እጅ እያየሁ እንደነሱ አደረግሁ። ሁለት ቀን የታጠበው አንሶላና ፎጣ ብቻ ስለነበረ ማንም አልነቃብኝም።

በሦስተኛው ቀን ከዘመቻ የተመለሱ ወታደሮች ልብስ በጋሪ መጣ። ዘመቻው በአምበር በኩል እንደነበረ ሴቶቹ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ሸሚዞቹ ደም ነበረባቸው። የማን ደም እንደሆነ አላሰብኩም ብል ሐሰት ነው። አስቤያለሁ። ነገር ግን ሐሳቡ የሌላ ሰው ሐሳብ ይመስል ነበር፤ ከጎኔ የቆመች ሴት የምታስበው ዓይነት። እኔ የማውቀው የጓዳ ሙያ ነው፤ በጓዳ ሙያ ደግሞ ሙጭጭ ያለ ነገር ሁሉ በፈላ ውኃ ይለቃል። የድርሻዬን ሸሚዞች ከሚፈላው በርሜል ጨመርኩና በእንጨት አማሰልኳቸው።

ሳወጣቸው ደሙ የዛገ ብረት መልክ ይዞ ጨርቁ ውስጥ ገብቷል። ሳሙናው እስኪያልቅ አሸሁ፤ የጣቶቼ አንጓ ተላጠ፤ አልለቀቀም። ሴቶቹ አንድ በአንድ ሥራቸውን ተዉና አዩኝ። ካቦው መጣ።

“ይህን ያደረገ ማነው?”

“እኔ ነኝ።”

“አጥቤ አውቃለሁ አላልሽኝም?”

ሳሙናው መጥፎ ነው ማለት እችል ነበር። እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ፍልሰታ ሊገባ የቀረው ቀንም ትዝ አለኝ። ይሁን እንጂ አፌ ሌላ ማለት አልቻለም።

“ብያለሁ ጌታዬ። ያልኩዎት ግን ካጠብኩ በኋላ አውቃለሁ ለማለት ነው። ከዚህ በፊት አንድ ጨርቅ እንኳ አጥቤ አላውቅም። በእኛ አገር የሚያጥበው ወንድ ነው።”

ከኋላዬ አንዷ “ወይ መድኃኔ ዓለም” አለች። ካቦው ቃሉን በከንፈሩ ሁለት ጊዜ አለው፤ አንድ ጊዜ በአንድ ትንፋሽ፣ አንድ ጊዜ ለያይቶ።

“ሃያ ዓመት አማርኛ ተናገርኩ” አለ። “አለመቻሌን ገና ዛሬ ሰማሁ። ማን አስተማረሽ?”

“እናቴ ናት።”

“እናትሽ ትምጣና ከሹማምንቱ ጋር እሷ ትነጋገርልኝ።”

ሴቶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። በሩን እንደሚያሳየኝ ስለጠበቅሁ ነጠላዬን አነሣሁ። እሱ ግን እጅጌውን ሰብስቦ በባልዲ ቀዝቃዛ ውኃ ቀዳ፤ ጨው በተነበት፤ ሳይታጠብ የቀረ ሸሚዝ አንሥቶ ነከረ።

“እኔም ከአባቴ ነው የተማርኩት” አለኝ ቀስ ብሎ። “ደም በቀዝቃዛ ነው። ሙቅ ውኃ እንደ እንቁላል ያበስለዋል። ከበሰለ በኋላ ማንም አያስለቅቀውም። አየሽ?”

“አየሁ።”

የተበላሹትን ሸሚዞች በቢላ ሸርክቶ ለወለል መወልወያ አደረጋቸው። ከሰዓት በኋላ አንድ ጣሊያን ልብስ ሊቆጥር መጥቶ ስለ ጎደለው ሲጠይቀው፣ ከጦርነቱ ተቀዳደው ነው የመጡት ብሎ በቋንቋቸው መለሰለት። ከሴቶቹ ቋንቋውን የምትሰማዋ ነገረችን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኔ እንዳልዋሽ ያን ያህል ተጨንቄ ነበር፤ በመጨረሻ የእኔን ውሸት ሌላ ሰው ዋሸልኝ። አልከለከልኩትም። ጣሊያኑ እስኪሄድ አጎንብሼ በጨው ውኃ ውስጥ ልብስ እያሸሁ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ እዚህ ድሬዳዋ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው “ሰውየው በሕይወት አለ?” አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። “እንግዲያው በጸሎትሽ አስቢው” አሉኝ። ስሙን ጠይቄው እንደማላውቅ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ካቦው እያልኩ አስበዋለሁ።

በሳምንቱ መጨረሻ ለአጣቢዎች የሚሰጠውን የስንዴ ዱቄት ተቀብዬ ወደ ቤት ሄድኩ። እትዬ ዱቄቱን ከእጄ ወስዳ በመዳፏ ዘግና አየችው፤ ለልጆቿም አሳየቻቸው።

“እንግዲህ ፍልሰታን እዚሁ አብረን እንጾማለን” አለች።

እናቴ “እግዚአብሔር ይስጥሽ” አለቻት። እትዬ ልታቦካ ገባች። እኔ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ እጄን ይዛ የተላጠውን አንጓ በአውራ ጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

“የማን ልብስ ነው የምታጥቢው?”

“የወታደር።”

“ይለቃል?”

“በቀዝቃዛ ውኃ ይለቃል።”

በቀዝቃዛ የሚለቀው ምን ዓይነት እድፍ እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ቂጣው ሲደርስ እናቴ ከሁለት ቆርሳ ትልቁን ሰጠችኝ። በላሁ።