የቀረችኝ አንድ ሙጫ

ሱሉልታ በምትገኝ ትንሽ የዓይን ክሊኒክ በምሠራበት ጊዜ፣ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተነሳ መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋ ነበር። አንድ ጠዋት ሁለት ሰዎች ለቀዶ ሕክምና ቀረቡ። የሁለቱም ዓይን ነጩ ላይ የበቀለ ሥጋ ወደ ብሌናቸው እየተሳበ ነበር። ሥራው ሥጋውን አንስቶ፣ ከዚያው ዓይን ከላይ በኩል በተወሰደ ስስ ሽፋን ቦታውን መተካት ነው። ሽፋኑ በክር ይሰፋል፤ ከተገኘ ደግሞ በሙጫ ይጣበቃል። ሙጫው አይቆረቁርም፣ ክር ለማስወጣትም ተመልሶ መምጣት የለም። ፍሪጅ ውስጥ የቀረችኝ ለአንድ ሰው የምትበቃ ብቻ ነበረች።

አንደኛው ከክሊኒኩ ማዶ ሱቅ ያላቸው፣ ጨዋታ አዋቂ ነጋዴ ናቸው። ሌላው ከጫንጮ ወዲያ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ሲሆኑ፣ ለጠየቅኳቸው ሁሉ "እሺ ዶክተር" ብቻ ነበር መልሳቸው። እኔም የአዲስ አበባ ልጅ፣ አማርኛ አይሰሙም ብዬ ደመደምኩ።

ሙጫውን ለነጋዴው አልኩ። ነርሷ ጠጋ ብላ "ለሩቁ ሰውዬ ቢሆን አይሻልም? መንገዱ ቢዘጋስ?" አለችኝ። ሥራዬን ልታስተምረኝ መስሎኝ ተቆጣሁ።

"ገበሬ እጁን ከዓይኑ ላይ አያነሳም። አንዴ ካሸው ሙጫው ይለቃል። ክር ይበቃዋል" አልኳት። አንቱታውንም ዋጥኩት። ሽማግሌው ሁለት እርምጃ ርቀው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር።

ሰፋሁላቸውና በአሥረኛው ቀን እንዲመጡ ቀጠርኳቸው። ዘጠነኛው ቀን ላይ መንገዱ ተዘጋ። ነጋዴው በየሁለት ቀኑ አስፋልቱን ተሻግረው እየመጡ ያመሰግኑኝ ነበር። ላለው ይጨመርለታል።

ሽማግሌው የመጡት በሦስተኛው ሳምንት ነው፣ በእግራቸው። ዓይናቸው ደም መስሎ ያነባል፤ የክሩ ጫፍ ሽፋሽፍታቸውን በከፈቱና በከደኑ ቁጥር ይፍቃቸዋል። እኔ ደግሞ ከሰላምታ በፊት "አሽተውታል፣ አይደል?" አልኳቸው።

"አላሸሁትም" አሉ፣ ጥርት ባለ አማርኛ። "ያን ቀን ለእህታችን ያልካትን ሰምቻለሁ። ቀን እጄን ኪሴ ከትቼ እውላለሁ። ስተኛ ባለቤቴ በነጠላ ታስርልኝ ነበር።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አጎንብሼ ክሩን አንድ በአንድ አወጣሁ። ሽፋኑ ካስቀመጥኩበት ንቅንቅ አላለም፤ እንደዚያ የተጠበቀ ዓይን ከዚያ በፊት አላየሁም። የቀላው ክሩ ከቀኑ አልፎ ስለቆየ ነው፤ የቆየውም በእኔ ነው።

"እኚያ ነጋዴስ፣ ዳኑ?" አሉኝ።

"ድነዋል።"

"ተመስገን" ብለው ተነሱ። በር ላይ "ገለቶማ" አሉኝ፣ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው። የጫንጮን መንገድ ሲይዙ በመስኮት አየኋቸው። ጠርቼ ይቅርታ ልላቸው እችል ነበር። ነርሷ አጠገቤ ቆማ ስለነበር አፈርኩና አልጠራኋቸውም።