አልፋ ሄደች

ልጅ እያለሁ፣ ካዛንቺስ በነበረው ግቢያችን ስልክ ያለው እኛ ቤት ብቻ ነበር። በጮኸ ቁጥር የጎረቤታችን ልጅ መቅደስ ሮጣ በራችን ላይ ትቆማለች። እናቷ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራ ስለነበር የምትኖረው ከአክስቷ ከእትዬ ዘውዴ ጋር ነው።

አንድ ቅዳሜ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ በእንግሊዝኛ የምታወራ ሴት ከቤይሩት ደወለች። ከግቢው እንግሊዝኛ ትችላለች የምትባለው ታላቅ እህቴ ጽጌ ነበረችና እጀታውን ተቀበለች። መስመሩ ይቆራረጣል። ስልኩ ሲዘጋ ጽጌ ግራ ገብቷት ቆመች።

«ምን አለች?» አሉ እትዬ ዘውዴ።

«ስለ መቅደስ እናት ነው። ፓስድ አዌይ አለች። ፓስ ማለፍ ነው፤ አዌይ ደግሞ ርቆ መሄድ። በቃ... አልፋ ሄዳለች ማለቴ ነው።»

«ተሻገረች በይኛ! ጣልያን ገባች!»

እትዬ ዘውዴ እልልታውን አቀለጡት። ያኔ ከቤይሩት አውሮፓ መሻገር ስንቱ የሚመኘው ነገር ነበር። ጎረቤቱ ዝናቡን ጥሶ መጣ፤ ቤቱ በረጠበ ጋቢና በትኩስ ዳቦ ሽታ ተሞላ። መቅደስ አልጋችን ላይ ወጥታ፣ «ቻው የሚባለው እኮ የእነሱ ቋንቋ ነው!» እያለች ዘለለች።

ሰኞ ጽጌ የእንግሊዝኛ አስተማሪዋን ጠየቀች። ቃላቱ ለየብቻቸው እንዳለችው ናቸው፤ ሲጣመሩ ግን ሰው ሞተ ማለት ነው አሏት። «እኛስ ብንሆን አለፈ እንል የለ?»

ጽጌ ትምህርቱን ትታ መጣች። እናታችንን እንኳ ሳታማክር እትዬ ዘውዴ ቤት ገባች። ጩኸቱን የሰማሁት ደጅ ቆሜ ነው። መቅደስ አላለቀሰችም። መጥታ ስልካችን አጠገብ ተቀመጠች፤ ብንለምናትም አልነሳም አለች። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲጮህ ጽጌ ከቤት ትወጣ ነበር።

ዛሬ ግቢያችን ፈርሶ ሰፊ መንገድ ሆኗል። በቀደም መቅደስን ከልጇ ጋር ኡራኤል ታክሲ ስትጠብቅ አገኘኋት። ልጅቷ ያልገባትን የእንግሊዝኛ ቃል ስልኳ ላይ ጽፋ ትርጉሙን ወዲያው ታነባለች። እኛ ለሁለት ቃል እስከ ሰኞ ጠብቀን ነበር።

«ያ ቅዳሜ ባይኖር ይሻልሽ ነበር?» አልኳት።

«እንጃ» አለች። «ብቻ እናቴን በህልሜ ሞታ አይቻት አላውቅም። ሁልጊዜ ሻንጣ ይዛ ስትሄድ ነው። እጠራታለሁ፤ አትዞርም።»

ልጇ ከስልኳ ቀና ብላ፣ «ማንን ነው የምትጠሪው?» አለቻት።