የጀልባ ሞተር አምባራስ ላይ

የጀልባ ሞተር አምባራስ ላይ ምን ይሠራል ብሎ ያልሳቀ የደባርቅ ሰው የለም። እኔም ስቄአለሁ፤ ያውም በመኪናዬ ጭኜ ያወጣሁት እኔው ነኝ። ጀልባ የሚያንሳፍፍ ቀርቶ የሚጠጣው ውሃ እንኳ ከገደል ሥር በጀርባ የሚወጣበት አገር ነው። ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ የአምባራስም ሰው ጨንቆት ነበር።

የመንደሩ ወፍጮ በናፍጣ ሞተር ነበር የሚዞረው። ሞተሩ ተሰነጠቀ፣ መለዋወጫው ጠፋ፣ መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ይዘጋል። ሴቶቹ ገብሳቸውን በበቅሎ ጭነው ደባርቅ ድረስ መውረድ ጀመሩ፤ በቅሎ የሌላት በጀርባዋ ነው። መውረድ ያቃታት ቤቷን በገብስ ቆሎና በንፍሮ ታኖራለች። ቆሎ ደግሞ ጥርስ ላላበቀለ ሕፃንና ጥርሱን ለጨረሰ ሽማግሌ ምግብ አይደለም። ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ፤ አንጀት ይበላል።

የጀልባው ሞተር የቻላቸው ነው። ቻላቸው የጎርጎራ ልጅ፣ ጣና ላይ ፈጣን ጀልባ ይነዳ የነበረ ሰው ነው። እንግዳ ጠፍቶ ጀልባው ሲቆም ሞተሩን ነቅሎ ወደ ሚስቱ ወደ ሸጊቱ አገር መጣ። አርሶም ወልዶም መንደርተኛው "የሐይቁ" ከማለት አልተመለሰም። ሞተሩን በጆንያ ጠቅልሎ ደባርቅ አንድ ዘመዱ ቤት አስቀምጦት ነበር። ስለሱ ማውራት ከጀመረ ማን ያስቆመዋል? እንዴት ይጮህ እንደነበር፣ ድምፁ ብቻ የደሴቶቹን መነኮሳት ከበዓታቸው እንዴት ያስወጣ እንደነበር ሲተርክ ቡናችን ይቀዘቅዝ ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ፣ ወፍጮውን በጀልባዬ ሞተር አዞረዋለሁ አለ። ሰዉ ሲያንገራግር ቄስ ወልደ ሩፋኤል ዋስ ሆኑት። ይህን ጊዜ ቻላቸው ልቡ ሞቀና በዚህ ሳምንት ማንም ደባርቅ እንዳይወርድ ተናገረ። ሴቶቹም አመኑት። ቤታቸው የቀረችውን ዱቄት ጨርሰው ጠበቁት፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው።

ሞተሩን አወጣንለት። በትልቅ በርሜል ውስጥ የሞተሩን እግር ነክሮ አቆመው፤ የጀልባ ሞተር ውሃ እየሳበ ካልቀዘቀዘ ይቃጠላል። በርሜሉን የሞሉት ሴቶቹ ናቸው፣ ሸጊቱ ከፊት ሆና፣ በጀሪካን። ከሞተሩ አናት ወደ ወፍጮው ድንጋይ ቺንጋ ዘረጋ። የማስነሻ ገመዱን ሳበ። ሞተሩ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ሞተ።

ቻላቸው ሐይቅ ላይ እንደለመደው ቤንዚን ጨመረለት። ባሰበት። ደግሞ ጨመረ። እሳት የሚጭርበትን ካንዴላ ሲፈታው እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል። ያን ጊዜ አላስችል አለኝና ተቆጣሁት። የኔ መኪና እንኳ የቧሂትን ተራራ ስትወጣ ጭስ እንደምትተፋ ነገርኩት። አየሩ እዚህ ስስ ነው፤ ስስ አየር የሚያቃጥለው ቤንዚን ትንሽ ነው፣ የተረፈው ያፍነዋል፤ ስለዚህ ቀንስ አልኩት። መቼም ለሹፌር ምክር ማን ጆሮ ይሰጣል፤ እሱ ግን ጨንቆት ስለነበር ሰማኝ። ካቻቢቴውን አንስቶ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ብሎን ጥቂት ጥቂት ይዘጋ ጀመር። እየዘጋ ያስነሳል፣ አጥፍቶ ካንዴላውን ያያል። ጥቁሩ ሄደ፣ ካንዴላው እንደ ጤነኛ ሞተር ቡናማ ሆነ።

ሞተሩ ተነሳ። ድምፁ የታፈነ፣ ጉንፋን የያዘው ሽማግሌ ድምፅ ነው። ግን ድንጋዩ ዞረ። የእማማ አበባየሁ ገብስ ገባ፣ ዱቄት ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። ቄስ ወልደ ሩፋኤል አማተቡና ዘወር ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም፣ ምን ልደብቅ፣ አልቅሻለሁ።

ቻላቸው ብቻ ፊቱ አልፈታም። ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ፣ ይኸ ድምፁ አይደለም አለ። እየፈጨ ነው፣ ተወው አልነው። ቄሱም፣ በቃ ልጄ፣ እግዜር የሰጠንን እንቀበል ብለው ለመኑት። ሰውየው ግን ሰው ሁሉ "የሐይቁ" እያለ ሲጠራው የኖረ ነው፤ ሐይቁ ምን እንደነበር አንድ ጊዜ እንዲሰሙለት ፈልጓል። ካቻቢቴውን አስገብቶ ብሎኑን አንድ ጊዜ ዘጋ። ድምፁ ጠራ። ደግሞ ዘጋ።

ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበር መናገር አልችልም። ገደሉ መልሶ ጮኸ፣ የወፍጮው ድንጋይ እየበረረ ዞረ፣ ቻላቸው ካቻቢቴውን እንደያዘ እንደ ሕፃን ሳቀ። አምባራስ ከመጣ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እኔም ቆሜ አዳመጥኩ፤ ቁም ማለት የነበረብኝ ያኔ ነበር። ከዚያ ድምፁ ቀጠነ፣ ከሆዱ አንድ ነገር ቋ አለ፣ ወፍጮው ቆመ።

የዚያ ሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚገባው። ቤንዚኑን ሲነፍገው ቅባቱንም ነፍጎታል። ግሎ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተጣበቀ። ቻላቸው ገመዱን ሳበ፣ አልንቀሳቀስ አለው። በሁለት እጁ ተንጠልጥሎ ሳበ። ውሃ ደፋበት፣ በመዶሻ መታው፣ የጋለውን ብረት በባዶ እጁ ሊፈታ ሲል ይዘን አስቆምነው። መዳፉ ተልጦ ነበር።

ሸጊቱ ጀሪካኗን አስቀምጣ መጣች።

"ይፈጭ ነበር እኮ" አለችው።

"ድምፁን መልሼው ነበር፣ ሸጊቱ። ሰማሽው?"

"እኔ የሰማሁት ወፍጮውን ነው።"

ሴቶቹ አልሰደቡትም፤ ቢሰድቡት ይሻል ነበር። መንገዱ ለመኪና ተዘግቷል የሚል ወሬ ስለደረሰን እኔም ልጭናቸው አልቻልኩም። ጥሬ ገብሳቸውን መልሰው ያስሩ ጀመር።

በእነሱ አገር አዲስ ወፍጮ ሲፈጭ የመጀመሪያው እፍኝ ዱቄት የባለ ወፍጮው ነው። እማማ አበባየሁ የወጣችላቸውን ትንሽ ዱቄት አቅፈው ቻላቸው ከተቀመጠበት ደረሱ። በተላጠ እጁ ፊቱን ሸፍኖ፣ ለኔ አይሆንም፣ አይስጡኝ አለ።

"ወግ ነው" አሉት እማማ። "ልጆችህስ ቆሎ አይደል የሚበሉት?"

እጁን ስላላነሳ ዱቄቱን በሸጊቱ ነጠላ ላይ ሰፈሩላት። ከዚያ ያልተፈጨውን ገብስ ጀርባቸው ላይ አዘሉና ወደ ደባርቅ የሚወርዱትን ሴቶች ተከተሉ።