ድምፅ የሌለው ዳይፐር

ዓይኑን አያሳየኝ የምለው አንድ ደንበኛ አለኝ። በዚህ ወበቅ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ጥቁር ካፖርት ደርቦ መድኃኒት ቤቴ ይገባል። ሰላምታ አያውቅም፤ ወንበር ብሰጠውም አይቀመጥም።

«የአዋቂ ዳይፐር አውጪ! ለአባቴ ነው» ይላል።

ሌላው ሰው ሽንት በደንብ ይይዛል ወይ፣ በጎን ያፈሳል ወይ ብሎ ይጠይቃል። እሱ ግን ናሙናውን ጆሮው ሥር ይዞ በጣቶቹ ያሸዋል።

«ይሄ ይንኮሻኮሻል። ወዲያ በይው!»

ዛሬ የመደርደሪያውን ሁሉ ካስወረደኝ በኋላ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጌታዬ፣ ዳይፐር እንዳያፈስ ነው እንጂ ዝም እንዲል ማን ይገዛዋል? አባትዎ እንቅልፋቸው ቀላል ነው እንዴ?»

«እሱማ ጆሮው ከደነቆረ ስንት ዘመኑ! መድፍ ቢተኮስ አይሰማም» ብሎ አፈጠጠብኝ።

ወዲያው ምን እንደተናገረ ገባው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። የካፖርቱን ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆላለፈና የመጨረሻውን እሽግ ከእጄ መንጭቆ ዞረ። እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላለኝም።

ያን ሁሉ ጊዜ ሲመላለስ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ዛሬ እስከ በሩ ሲራመድ ጆሮ ሰጠሁት።

ይንኮሻኮሻል።