ከበሩ ውጭ የበራ ጧፍ

እዚህ ቤይሩት፣ በምሠራበት ቤት ምድጃ ስለኩስ የሚሸተኝ የክብሪት ሽታ ወደ አቃቂው ደብራችን በር ይወስደኛል። ወሬው የደረሰኝ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አስተዳዳሪው ድምፅ ማጉያውን ይዘው፣ ራቅ ባሉ ከተሞች አብያተ ክርስቲያናት መቃጠላቸውን ነገሩን። ከአስፋልቱ የባጃጅ ክላክስ ብቻ ይሰማ ነበር።

በዚያው ሳምንት በሩ ላይ ፍተሻ ተጀመረ፤ ክብሪት ይዞ መግባትም ተከለከለ። ሴቶቹን የምንፈትሸው እኛ የሰንበት ተማሪዎች ነበርን። አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው፣ «ትናንት አፍንጫሽን የጠረግሁልሽ ልጅ፣ ዛሬ ፈታሽ ሆንሽብኝ?» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ።

አንድ ጠዋት የክርስትና እናቴ መጡ። ነጠላቸው ጫፍ ላይ ክብሪት ተቋጥሮ አገኘሁ። ዲያቆን ልጃቸው ቤተ ክርስቲያን ከተቃጠለባቸው ከተሞች በአንዱ ነበር የሚያገለግለው፤ ስልኩ አልሠራ ብሏቸው ሰንብቶ ነበር።

«እማዬ፣ ክብሪት አይገባም ተብሏል። ጧፉን ለአገልጋዮቹ ይስጧቸው፤ ያበሩልዎታል።»

«በእጄ አበራለሁ ብዬ ነው የተሳልኩት።»

ጥበቃውን የሚያስተባብረው፣ ጎረቤታችን ብረት በያጁ ጠጋ ብሎ፣ «እማማ፣ ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው» አላቸው።

«ቀኑን ሙሉ ስትበይድ ትውላለህ፤ የኔን ጧፍ ፈራህ?»

እሱም ሳቀ፤ ግን አላሳለፋቸውም።

አልተቆጡም። ወጥተው ከበሩ በስተግራ ግንቡ ሥር ቆሙና ጧፋቸውን ለኮሱ። የሚያልፍ መኪና ነፋስ አጠፋው። ደግመው ለኮሱ፤ ጠፋ። ፍተሻውን ለጓደኛዬ ትቼ ሄድኩና በነጠላዬ ከለልኩላቸው። ሌላ ሴት መጣች፣ ሌላም። ቅዳሴውን ከድምፅ ማጉያው እየሰማን፣ የሰሙ ሽታ ነጠላችን ውስጥ ታፍኖ፣ እስኪያልቅ እዚያው ቆምን።

በማግሥቱ በያጁ በርሜል ቆርጦ የሠራውን፣ ነፋስ የማያስገባ የጧፍ ማብሪያ አምጥቶ ግንቡ ሥር አቆመ። «ቤት ሠርቼልዎታለሁ፣ እማማ። ኪራዩን በጸሎት ይክፈሉኝ» አላቸው።

ልጃቸው በሕይወት መኖሩ የተሰማው ክረምቱ ሲገባ ነው። የሚያገለግልበት ደብር ስለተቃጠለ ሸራ ወጥረው እዚያ ያገለግሉ ነበር። እናቱ በስልክ «ና» ሲሉት፣ «ሕዝቡን ጥዬ እንዴት ልምጣ፣ እማዬ?» አላቸው። ስልኩን ዘግተው፣ «እውነቱን ነው» አሉኝ። ጧፋቸውን ግን አላቋረጡም። እኔ ከአገር ስወጣም እንዳበሩ ነበር።

የክርስትና እናቴ በዚህ ሳምንት ማረፋቸውን እናቴ ደውላ ነገረችኝ። እናትና ልጅ ሳይተያዩ ቀሩ። ልጃቸው ለአርባቸው ይመጣል ተብሏል።

ያኔ በሩ ላይ የነበራችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የእሳቱን ነገር እሱ ከኛ በላይ ያውቀዋልና አታንሱበት። ከመቃብራቸው ስትመለሱ ወደ ግንቡ ውሰዱትና እናቱ የት ቆመው ይለምኑለት እንደነበር አሳዩት።