ከቧንቧው አጠገብ ያለው አልጋ

መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው። ጣፋጭ፣ ጎምዘዝ ያለ፣ እንደ በሰበሰ ወይን። ቀጥሎ ፋሻዬ ላይ አረንጓዴ እድፍ አየሁ። ጠያቂዎቼን እንዳይሸታቸው እግሬን በብርድ ልብስ ሸፈንኩት። ማታ አንቀጠቀጠኝ።

ሆስፒታል የገባሁት ቦሌ መንገድ ላይ መኪና ገጭቶኝ፣ የቅልጥሜ አጥንት ተሰብሮ ቆዳዬን ቀዶ ስለወጣ ነው። ኦፕራሲዮኑ ደህና ነበር። እናቴም ነርሶቹን ለምና፣ ሁሉም የሚመኘውን የእጅ መታጠቢያው አጠገብ ያለውን አልጋ አሰጠችኝ። አክስቶቼ እዚያው ታጥበው ያጎርሱኛል፤ ነርሶቹም ቁስል የሚያጥቡበትን ሳህን እዚያው ያለቀልቃሉ። የጠፋ ውሃ ሲመለስ ቧንቧው አጉረምርሞ ቡናማ ውሃ ይተፋል፤ አልጋዬ ድረስ ይረጫል። ጠያቂዎቼ “እንኳን ውሃ አጠገብ ሆንሽ!” ይሉኝ ነበር።

ሐኪሙ ትኩሳት እንዳለኝ አይቶ ፋሻውን ፈታ። ከቁስሉ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ላከ። ውጤቱ ሲመጣ “ሱዶሞናስ” አለን። በውሃና በእርጥብ ቦታ የሚኖር ባክቴሪያ ነው።

“አጥንቷ ውስጥ ገብቷል?” አለች እናቴ።

“ገና አላወቅንም። ከገባ እግሯን ልናጣው እንችላለን።”

አላለቀስኩም። የእግሬን ጣቶች አንቀሳቀስኩ። ይንቀሳቀሳሉ። ደግሜ አንቀሳቀስኩ።

ሐኪሙ ቧንቧውን ከፈተና ውሃው የሚረጭበትን አየ። “አልጋዋን አሁኑኑ ከዚህ አንሱልኝ። ቁስሏን በጠርሙስ ባለው ንጹህ የጨው ውሃ፣ በሳላይን ብቻ እጠቡ!”

“ወይኔ ልጄን! ለምኜ እዚህ ያስተኛኋት እኔ ነኝ እኮ!”

“እማማ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ? አልጋውን የሰጠናት እኛ ነን።”

ቁስሉ እንደገና ተከፍቶ ተጠረገ። ጀንታማይሲን የሚባል ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት በመርፌ ተጀመረ። ትኩሳቱ ይወርዳል። ይወጣል። መተኛት አልቻልኩም። መቀመጥም አልቻልኩም። እናቴ ደግሞ ሳህን የያዘች ነርስ ባየች ቁጥር ትነሳለች።

“እህቴ፣ ውሃው ከቧንቧ ነው ከጠርሙስ?”

“ኧረ እማማ፣ እርስዎን መቅጠር ብቻ ነው የቀረን!”

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን መልሱን እስክትሰማ አልተቀመጠችም።

በመጨረሻ ሐኪሙ እንደገና የተነሳሁትን የራጅ ፊልም ወደ መስኮቱ አንስቶ ተመለከተ። “አጥንቱ ንጹህ ነው” አለ። “እግርሽ ይተርፋል።” ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ቁስሉ ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ እያለ ሞላ፤ እኔም በሁለት ክራንች መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ፣ በኋላም ቤታችን ግቢ ውስጥ ተመላለስኩ። ዛሬ እያነከስኩም ቢሆን ያለ ምርኩዝ እሄዳለሁ።

ሐኪሙንና ነርሶቹን አመሰግናለሁ። እናንተ ቁስል ይዛችሁ የተኛችሁ፣ ሽታው ወይም ቀለሙ ሲለወጥ አትሸፍኑት፤ ያኔውኑ ተናገሩ። ፋሻችሁንና መድኃኒታችሁን ከመታጠቢያው አርቁ። ቁስላችሁ በምን ውሃ እንደሚታጠብም ጠይቁ። መጠየቅ ካሳፈራችሁ ግን እንደ እኔ እናታችሁን አስጠይቁ።